ቤት ለመሥራት፤ እንጨት ይሻላልን ወይስ ሲሚንቶ?

ባለፈው የካቲት፣ የመጀመሪያው ዝናም ወርዶ በማንኪራ ጫካ ውስጥ ያለው ቡና ሁሉ ነጭ አበባ በለበሰበት ሰሞን፣ አንድ ጎረቤቴ ከነባለቤቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቴ መጣ። ቡናው ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ስለ ከብቱም ስለ ልጆቹም ሲያወራ ቆየና፣ ሁለተኛው ስኒ በተቀዳ ጊዜ የመጣበትን ነገር አወጣው።

«መምህር፣ እርስዎ ሁለቱንም ትምህርት የቀመሱ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን። ያለንበት ቤት አርጅቶ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል። እኔ በብሎኬት እንሥራ እላለሁ፤ እርሷ በእንጨት ይሁን ትላለች። ከጥምቀት ጀምሮ በዚህ ነገር ሰላም የለንም።»

ባለቤቱ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔ ብሎኬት አልጠላሁም፤ የጠላሁት ገንዘቡ የሚመጣበትን መንገድ ነው» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ነጋዴ ለሲሚንቶውና ለብረቱ የሚሆነውን ገንዘብ አሁን ሊሰጣቸው፣ እነርሱም ገና በአበባ ያለውን ቡና ዛሬ በተቈረጠ ዋጋ ለመኸር ሊያስረክቡት ንግግር ጀምረዋል። ከዚያው ቡና ደግሞ ትልቋ ልጃቸው በቦንጋ ከተማ ክፍል ተከራይታ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የምትማርበት ወጪ ይወጣል። እንግዲህ የተጣሉት በግድግዳው ብቻ አልነበረም።

ውድ አንባብያን፣ እኔ ግንበኛም አናጢም አይደለሁም። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜ፣ ዲቁና ተቀብዬ፣ ኋላም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምሬ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ የማስተምር ሰው ነኝ። ነገር ግን አንድ ጊዜ በእንጨት፣ አንድ ጊዜ በሲሚንቶ ሠርቼ በሁለቱም ተሳስቻለሁና፣ ለጎረቤቶቼ የነገርኋቸውን ለእናንተም ባካፍላችሁ አይከፋም ብዬ አሰብሁ።

ሰው ስለ ቤት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው ግድግዳው ነው፤ ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት ብሎ ይጠይቃል። ግድግዳውን የሚያፈርሰውን ጠላት ግን ስሙን አያነሣም። ይህ ጠላት ውሃ ነው። በቦንጋና በዙሪያዋ በዓመት ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ይወርዳል፤ ይህ ውሃ ሳይፈስና ሳይሰርግ ባለበት ቢጠራቀም ኖሮ የአንድ ሰው ቁመት ያህል በሆነ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ፣ ከላይ የሚወርደውን ውሃ በምን እከለክላለሁ፣ ከታች የሚወጣውን ርጥበትስ በምን እቈርጣለሁ የሚለው ነው።

ለዚህ ከላስታ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። በዛጔ ዘመን የነገሠው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ይገኛል። ግድግዳው አግድም በተጋደመ እንጨትና ነጭ ልስን በለበሰ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተደራረበ ሲሆን፣ ከ800 ዓመት በላይ የሆነው እንጨት እስከ ዛሬ አለ። በአንጻሩ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዝናምና ፀሐይ እየተፈራረቀባቸው ዐለቱ በመሰንጠቁና በመሸርሸሩ፣ በ2000 ዓ.ም. በአንዳንዶቹ ላይ በብረት ምሰሶ የቆመ ትልቅ መጠለያ ተሠራባቸው። በዋሻ የተከለለው እንጨት ያለ ጥገኛ ሲኖር፣ ለሰማይ የተጋለጠው ዐለት ጥላ ተፈለገለት ማለት ነው።

ደግሞስ አባቶቻችን እንጨት ወይስ ድንጋይ ብለው መቼ ተከራከሩ? የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት ሆኖ የተያያዘ ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ ብለው የሚታዩትን የእንጨት ጫፎች ሰው የዝንጀሮ ራስ ይላቸዋል። እነዚሁ የዝንጀሮ ራሶች በአክሱም ሐውልት ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ። ድንጋዩ ሸክሙን ሲችል፣ እንጨቱ ግድግዳውን እንደ መቀነት ያስረዋል። ስለዚህ ጎረቤቶቼ ሁለቱን እንደ ባላጋራ ማቆማቸው ራሱ ከመነሻው ልክ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። ባገባሁ ጊዜ የሠራሁት ቤት እንደ አገሩ ልማድ ቋሚውን በጕድጓድ ተክሎ፣ ማገሩን በሁለት ወገን አስሮ፣ በጭድ የቦካ ጭቃ መርጎ የቆመ ነበር። በደቦ ስለ ተሠራ ወጪው ትንሽ፣ ደስታው ግን ብዙ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ዓመት በሩ አልዘጋ አለ። ግድግዳውን ባፈረስነው ጊዜ ያየሁትን እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እነግራለሁ፤ ቋሚዎቹ ከላይ ደረቅና ጠንካራ ናቸው፤ በጥልቁ የተቀበረውም ጫፍ ብዙ አልተጎዳም፤ ከመሬቱ ገጽ አንድ ስንዝር ወደ ላይ አንድ ስንዝር ወደ ታች ያለው ክፍል ግን በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ሆኗል። ምክንያቱም እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ለመኖር ርጥበትም አየርም ስለሚሻ ነው። በጥልቁ ርጥበት እንጂ በቂ አየር የለም፤ ከላይ አየር እንጂ ርጥበት የለም፤ ሁለቱ የሚገናኙት በመሬቱ ገጽ ላይ ነው። ምስጥም ቢሆን መንገዱ ይኸው ነው። የቋሚውን እግር በእሳት መለብለብና የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ጊዜ ይጨምራል እንጂ ነገሩን አያስቀረውም። በዚያው ቤት ጓሮ በኩል፣ የጣራው ክፈፍ ሰፊ በነበረበት ወገን፣ ቋሚዎቹ ደህና ነበሩ።

ይህን የተረዱት እኛ ብቻ አይደለንም። ኖርዌይ በምትባለው ብርዳማ አገር የጥንት ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያናቸውን ከእንጨት ይሠሩ ነበር። ቋሚያቸውን በመሬት የተከሉት አብያተ ክርስቲያናት በስብሰው ጠፉ። ኋላ ግን ሠሪዎቹ ጥበቡን ዐውቀው ቋሚውን በድንጋይ መሠረት ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ አቆሙት፤ ኡርነስ በተባለ ስፍራ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራው እስከ ዛሬ ቆሟል።

ስለዚህ በእንጨት የሚሠራ ሰው ሥራውን ከእግሩ ይጀምር። መሠረቱ እስከ ጠንካራው አፈር ተቈፍሮ በድንጋይ ይገንባ፤ ከመሬት በላይም ግማሽ ሜትር ያህል ይነሣ። ለዚህ መሠረት ትንሽ ሲሚንቶ ማውጣት ብክነት አይደለም። ቋሚው በመሬት ሳይሆን በዚህ ድንጋይ ላይ ይቁም። ከምድር የወጣ ቋሚ ግን ነፋስ ሊገፋው ይችላልና፣ ከመሠረቱ በወጣ ብረት ይታሰር፤ በማዕዘኖቹም ላይ ሰያፍ ድጋፍ ይግባለት። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ይውጣ፤ የጠፈጠፉ ውሃ የሚሄድበት ቦይም ከቤቱ ከፍታ በኩል ይቈፈር። በጭቃው ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስኑ ሰዎች አሉ፤ ይህ ለዐይን ያምራል እንጂ አይበጅም፤ ጭቃው ሲተነፍስና ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይላቀቃል፣ ርጥበቱንም ከውስጥ ያፍነዋል። ኖራ መቀባት ይሻላል።

እንጨቱስ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ጎረቤቴ፣ «ጫካው አለ አይደለም እንዴ!» አለኝ። አለ፤ ነገር ግን የማንኪራ ጫካ እንደ ሌላ ጫካ አይታይም። ቡና ከምድር ላይ አስቀድሞ የበቀለበት ስፍራ ይህ ነው ብለው የአገሩ ሰዎች የሚመኩበት ነው፤ የከፋ ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጽድን ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ በስም ጠርቶ የከለከለ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቍጥር 1065/2010 ነው። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ የጫካ ቡና የሚኖረው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው፤ ለምሰሶ ብሎ ጥላውን የሚቈርጥ ሰው የቡናውን ጣራ አፍርሶ የራሱን ጣራ ይሠራል። ንቡም ማሩን የሚያመጣው ከእነዚሁ ዛፎች አበባ ነው።

ለቤት የሚሆነው ሰው በገዛ እጁ ተክሎ ያሳደገው ዛፍ ነው። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን በቈረቈሩ ጊዜ በዙሪያው የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተቈርጦ ስላለቀ፣ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ቤተ መንግሥት እንዲሆን የተጀመረውም ሥራ በኋላ የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንደ መሬቱ ሁኔታ ከ5 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ለቋሚ ይደርሳል። ውሃ ስለሚጠጣና በሥሩ ሌላ ተክል ስለማያስደስት ከምንጭና ከቡና ማሳ ማራቅ ይገባል። ከተቈረጠም በኋላ ልጡ ተልጦ፣ በጥላ ሥር ወራት ደርቆ እንጂ እርጥቡን ሊሠሩበት አይገባም፤ በግድግዳው ውስጥ ሆኖ ይጣመማልና። ጎረቤቴ በወሰኑ ላይ የተከለው ዘጠኝ ዓመት የሆነው ባሕር ዛፍ አለው። ይህን እያወቀ አለማንሣቱ ገረመኝ።

ወደ ሲሚንቶው እንለፍ። ወረቀትና እርሳስ አምጥቼ ሦስታችን አብረን አሰብን። ስፋቱ 6 በ8 ሜትር የሆነ፣ በሁለት ግድግዳ ለሦስት ክፍል የተከፈለ ቤት የግድግዳው ርዝመት 40 ሜትር ይሆናል። ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 ቢሆን 112 ካሬ ሜትር፤ ለበርና ለመስኮት 12 ብንቀንስ 100 ካሬ ሜትር ይቀራል። ለአንድ ካሬ ሜትር ዐሥራ ሁለት ተኩል ብሎኬት ስለሚገባ 1,250 ብሎኬት ማለት ነው። ይህ መሠረቱን፣ የብረት ኮለኑን፣ የላይ ማሰሪያውን፣ ልስኑንና ወለሉን አይጨምርም። ከአዲስ አበባ እስከ ቦንጋ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ሲሚንቶው ይህን መንገድ ተጭኖ ከመጣ በኋላ ወደ እኛ የሚያደርሰውን ጭቃ መንገድ የቀመሰ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም. እንደ ሆነው ሲሚንቶ ከገበያ የጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ግማሽ የደረሰ ግድግዳ ክረምቱን ያለ ጣራ ይቀበለዋል። ጎረቤቴ ቍጥሩን ደጋግሞ ካየው በኋላ ስኒውን አስቀመጠ።

ወጪው ይሁን እንኳ ብንል ሥራው ብዙ ጥንቃቄ አለበት፤ ሁለተኛው ስሕተቴም እዚህ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከቤቴ ጎን አንድ ክፍል በብሎኬት ሠራሁ። አሸዋውን ከወንዝ ዳር ሳላጥብ አመጣሁ፤ ከፊሉም አፈር ነበር። ዛሬ ግን አንድ ዘዴ አለኝ፤ ጥቂት አሸዋ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጦ ማሳደር ነው፤ በማግሥቱ ከአሸዋው በላይ የተኛው ጭቃ ወፍራም ከሆነ አሸዋው መታጠብ አለበት። ቀጥሎም ግንበኛው የላይ ማሰሪያውን ጠዋት ሞልቶ ሲሄድ እኔም ወደ ክፍሌ ሄድሁ፤ ውሃ ያጠጣው ሰው አልነበረም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በመዋሐድ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ ሰባት ቀን ርጥብ ሆኖ መቈየት አለበት፤ ጥንካሬውም የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ከመጠን በላይ በውሃ የቀጠነ ቡኮም ሲደርቅ ባዶ ቀዳዳ ስለሚተው ይደክማል። በዓመቱ በዚያ ግድግዳ ላይ እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። ግንበኛውን አልወቅስም፤ ሂሳቡን ለማሳነስ ያቻኰልሁት እኔ ነኝ።

ሲሚንቶ ሸክምን ይችላል፤ መጕበጥንና መሳብን ግን አይችልም። ብረት የሚገባበት ስለዚህ ነው። በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ብረቱ የዛገ እንደ ሆነ፣ ዝገቱ ከብረቱ ይልቅ ብዙ ስፍራ ስለሚይዝ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ወደ መጀመሪያው ነገር ተመለስን፤ ይህንንም የሚያፈርሰው ውሃ ነው። ያለ በቂ ብረት የቆመ ብሎኬት የምድር መናወጥም ይጎዳዋል። እኛ የምንኖረው ከስምጥ ሸለቆው ራቅ ብለን ቢሆንም፣ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ በ2017 ዓ.ም.ም በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የተሰማው መናወጥ ሊረሳ አይገባም። ማገሩ በሚገባ የታሰረ የጭቃ ቤት እንዲህ ባለ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ልስኑም ይረግፋል፤ ብዙ ጊዜ ግን በአንድ ጊዜ አይናድም።

እንዲህ ስል ሲሚንቶን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። በቦንጋ ከተማ ቤቱ ከቤት ተጣብቆ፣ የአንዱ ማድ ቤት ከሌላው መኝታ ጎን በሆነበት ሰፈር የሚሠራ ሰው ቢጠይቀኝ በብሎኬት ሥራ እለዋለሁ፤ እሳት ከጭቃና ከእንጨት ግድግዳ ወደ ጎረቤት ለመዝለል ብዙ አይቸግረውም። መኪና እስከ በሩ ይደርስለታል፤ ባሕር ዛፍም የሚያሳድግበት መሬት የለውም። በገጠርም ቢሆን የመጸዳጃ ቤቱ ክዳን፣ የምንጩ አፍ፣ የወለሉ ንጣፍ ከሲሚንቶ ቢሆን ለልጆች ጤና የሚሰጠው ጥቅም ከፍ ያለ ነው።

ይህን ሁሉ ከተናገርሁ በኋላ ለጎረቤቴ፣ «ወንድሜ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለህ እንደ ሆነ…» ብዬ ልገሥጸው ጀመርሁ። አላስጨረሰኝም።

«መምህር፣ ሰው ምን ይለኛል አላልሁም። አባቴ ያረፉ ጊዜ ክረምት ነበር። ያስታውሳሉ፤ እርስዎም ነበሩ። ለቀስተኛው ከየቦታው መጥቶ በቤቴ ሲቀመጥ ጣራው ያፈስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው እየራሰ ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ፤ አንድም ሰው አልተናገረኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴን በዚያ ቤት አልሸኝም ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።»

ባለቤቱ ወደ እርሱ ዘወር ብላ አየችው። ይህን ለእርሷም ነግሯት እንደማያውቅ ከፊቷ ተረዳሁ። እኔም የጀመርሁትን ተግሣጽ ዋጥሁት፤ ነገሩ ከንቱ ውዳሴ መስሎኝ ነበርና አፈርሁ። መምህር መሆን አንዳንድ ጊዜ ሰው ሳይጨርስ መልሱን የማወቅ ደዌ ያመጣል።

ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ግድግዳው ሳይሆን ስለ ጣራው ሆነ። የሚያፈሰው ጣራ ነው እንጂ ጭቃው አይደለምና፣ ገንዘቡ አስቀድሞ በወፍራም ቆርቆሮ፣ በደህና ወራጅና በአሸንዳ ላይ ይዋል ተባለ። (ቆርቆሮ ዝናም ሲመታው የሚያሰማውን ጩኸት ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ያውቀዋል፤ ቢሆንም ከሚያፈስ ጣራ የሚጮኽ ጣራ ይሻላል።) በፊት ለፊት በኩል ክፈፉ ሁለት ሜትር ያህል ወጥቶ በምሰሶ የተደገፈ በረንዳ ይሁን፤ ለሐዘንም ለደስታም የሚመጣ ሰው ዝናም ሳያገኘው እንዲቀመጥበት። መሠረቱና ወለሉ በድንጋይና በሲሚንቶ፣ ግድግዳው በወሰኑ ላይ ባለው ባሕር ዛፍና በጭቃ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ ጥቂት ስለሆነ ካለፈው ጀንፈልና ከማሩ ሽያጭ ይወጣል፤ በአበባ ያለው ቡና አይነካም። ማድ ቤቱ ደግሞ ለብቻው ራቅ ብሎ ይሠራል። ይህን የጠየቀችው እርሷ ናት፤ ጢሱ የጣራውን እንጨት ከነቀዝ እንደሚጠብቅ እናቶቻችን ይነግሩናል፤ የእርሷ ዐይን ግን ከእንጨቱ ይበልጣል አለች፤ እኔም ተስማማሁ።

ባሕር ዛፉ በዚያው ሳምንት ተቈርጦ፣ ልጡ ተልጦ ከጎተራው ሥር ተደርድሯል። ቤቱ የሚቆመው ቡናው ከተለቀመ በኋላ በበጋው ነው። ድንጋዩን በፈረስ እያጋዙ ሲሆን፣ ከዕድሩ ሰዎችም ለመሠረቱ ቍፋሮ የሚመጡት ስምንት ናቸው። የቀረ ክርክር ቢኖር ስለ መስኮቱ ነው፤ እርሱ ሦስት ይበቃል ይላል፤ እርሷ ልጅቱ ለዕረፍት ስትመጣ የምታጠናበት ክፍል ሁለት ይኑረው ብላ አራት ትጠይቃለች። ትናንት ማታ ሳልፍ አሁንም በዚሁ ላይ ነበሩ።